ፈተናው ልምምዱን ካልለወጠ ልጁን ለምን እናደክመዋለን?

ክቡር አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለታዳጊ አሠልጣኞች፣ ለሰውነት ማጎልመሻ መምህራንና ልጆቻቸውን ወደ ልምምድ ለሚልኩ ወላጆች እንዲደርስልኝ ነው። ጉዳዩ የአካል ብቃት ፈተና ነው። የሥልጠናው ወቅት ሲከፈት ልጆች ይሰለፋሉ፤ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ ፑሽ አፕ ይሠራሉ፣ ውጤታቸውም በወረቀት ይሰፍራል። ከዚያ ወረቀቱ ይታጠፍና በማግስቱ ሁሉም አንድ ዓይነት ልምምድ ይጀምራሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ የሚስማማ ፕሮግራም ለማውጣት ተብሎ የተደረገው ፈተና የአንዱንም ልጅ ፕሮግራም ሳይነካ ይቀራል። ልጆች የደከሙበት ነገር እንዲህ ሲባክን ማየት ያሳዝናል፤ በአንድ መለኪያ ሜትር፣ በጥቂት ኮኖች፣ በአንድ ስልክና በአንድ ግድግዳ ብዙ ቁም ነገር ማወቅ ይቻላልና።

ሜዳ ከመግባታችን በፊት ስለዚህ ልጅ ማወቅ የምንፈልገው ምንድን ነው ብለን እንጠይቅ። የመካከለኛ ርቀት ሯጭን በኮኖች መካከል እየተጠማዘዘ እንዲሮጥ ማድረግ ለእሱ ልምምድ የሚጨምረው ነገር የለም። ዋናተኛን በመሬት ላይ ሩጫ መፈተንም ውሃ ውስጥ ስላለው ጽናት የሚነግረን ጥቂት ነው። ለእግር ኳስ ተጫዋች የ10 እና የ30 ሜትር ሩጫ፣ አቅጣጫ የመቀየር ፈተና፣ ዝላይና አንድ የጽናት ፈተና ይበቃሉ። ለመረብ ኳስ ተጫዋች ዝላዩ ሁለት ዓይነት ይሁን፤ ቆሞ እና ተንደርድሮ። በአንድ ጊዜ ከአምስት በላይ ፈተና መደርደር ልጁን ያሰለቸዋል፤ በመጨረሻዎቹ ላይ የምንለካውም ችሎታውን ሳይሆን ድካሙን ይሆናል።

ፈተና ልምምድን እንዴት እንደሚለውጥ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። 5-0-5 የሚባል አቅጣጫ የመቀየር ፈተና አለ። ልጁ 10 ሜትር ተንደርድሮ ሰዓቱ የሚነሳበትን መስመር ያልፋል፤ 5 ሜትር ወደፊት ሄዶ ሌላ መስመር በእግሩ ረግጦ ይዞራል፤ ተመልሶ የመጀመሪያውን መስመር ሲያልፍ ሰዓቱ ይቆማል። ሁለት ልጆች ይህን በ2.60 ሰከንድ ጨረሱ እንበል። በመዝገቡ ላይ እኩል ናቸው። የሁለቱን የ10 ሜትር ቀጥታ ሩጫ ስናይ ግን አንዱ 1.90፣ ሌላው 2.10 ሰከንድ ነው። ሲቀነስ የመጀመሪያው ለመዞር 0.70 ሰከንድ ፈጅቶበታል፤ ሁለተኛው 0.50 ብቻ። የመጀመሪያው ፈጣን ነው፣ ፍሬን መያዝ ግን ይቸግረዋል። ለእሱ የሚያስፈልገው መቆምን መማር ነው፤ ከ5 ሜትር፣ በኋላም ከ10 ሜትር ሩጫ ዳሌውን ዝቅ አድርጎ በሁለት ሦስት እርምጃ መቆም፣ ቁጢጥ ሲልም በ3 ሰከንድ ቀስ ብሎ መውረድ። ሁለተኛው መዞሩን ያውቅበታል፤ የጎደለው የመነሻ ፍጥነት ስለሆነ በሙሉ ዕረፍት የሚሠሩ የ10 ሜትር ሩጫዎች፣ አጭር የሽቅብ ሩጫና ዝላይ ይሰጠው። እነዚህን ሁለት ልጆች አብረው ኮን ለኮን ማመላለስ ለሁለቱም የሚገባውን መንፈግ ነው። ፈተናው በቀኝም በግራም እግር እየተዞረ ይሠራ። በአንዱ በኩል ጉልህ መዘግየት ከታየ ልጁን ስለ ቁርጭምጭሚቱና ስለ ጉልበቱ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ታዳጊዎች ከቡድን እንዳይቀነሱ ሲሉ ሕመማቸውን ይደብቃሉ።

እንዲህ ያለ ስሌት ግን የሚታመን ሰዓት ይፈልጋል። በእጅ የተያዘ የ100 ሜትር ሰዓት ከኤሌክትሮኒክሱ በ0.24 ሰከንድ ገደማ አጥሮ እንደሚወጣ በአትሌቲክስ የታወቀ ነው። ሰዓት ያዡ ሲነሱ ዘግይቶ ይጫናል፤ ሯጩ ወደ መጨረሻው መስመር ሲቃረብ ግን ከሩቅ እያየው ስለሆነ ጣቱ ቀድሞ ይዘጋጃል። ሁለት ሰከንድ ገደማ በሚፈጅ የ10 ሜትር ሩጫ ላይ 0.24 ሰከንድ 12 በመቶ ነው። የሁለት ወር ልምምድ ያመጣውን መሻሻል ከነምልክቱ ይውጠዋል።

መፍትሔው በኪሳችን ያለው ስልክ ነው። በሰከንድ 60 ምስል የሚቀርጽ ካሜራ እያንዳንዱ ምስል ወደ 0.017 ሰከንድ ይወክላል፤ 240 ምስል የሚቀርጽ ከሆነ ወደ 0.004 ይወርዳል። ቀረጻውን ምስል በምስል እያሳለፉ የልጁ የኋላ እግር መሬት ከሚለቅበት እስከ ደረቱ መስመሩ ላይ እስከሚደርስበት መቁጠር ነው። በ60 ምስል ቀረጻ 117 ምስል ከተቆጠረ 117ን ለ60 ማካፈል፤ 1.95 ሰከንድ። ስልኩ በእጅ አይያዝ፣ የሚቆምበት ነገር ይፈለግለት። ከ5 ሜትሩ ምልክት ትይዩ ቢያንስ 10 ሜትር ርቆ ይቀመጥ። ኮኖቹ የሚቀመጡት ልጁ በሚሮጥበት መስመር ላይ ይሁን፤ ወደ ካሜራው ቀረብ ወይም ከሯጩ ራቅ ብለው ከተቀመጡ በምስሉ ላይ ልጁ ሳይደርስ የደረሰ፣ ወይም ደርሶ ያልደረሰ ይመስላል።

ዝላይ ቀላል ስለሚመስል ብዙ ስህተት የሚገባው እዚያ ነው። ልጁ ግድግዳው አጠገብ በጎኑ ቆሞ፣ የመሃል ጣቱን ጠመኔ አስነክቶ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ ዘሎ ሌላ ምልክት ያደርጋል። ውጤቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ነው። አሁን ትከሻውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ልጁ ሲዘረጋ ትከሻውን ወደ ጆሮው ሳያነሳ ክንዱን ብቻ ካቆመ የታችኛው ምልክት በጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ሲዘል ግን ትከሻው ራሱ እስከ መጨረሻው ይዘረጋል። ያልዘለለው ሴንቲ ሜትር በውጤቱ ላይ ይደመርለታል። ከስምንት ሳምንት በኋላ ሌላ ፈታኝ በትክክል ካዘረጋው ደግሞ ያልወረደው ልጅ የወረደ ይመስላል። ስለዚህ ተረከዙ መሬት እንደነካ ትከሻው እስከ ጥግ ይነሳ፤ የቆመበት ቁመትም በእያንዳንዱ ፈተና እንደ አዲስ ይለካ፣ ልጁ እያደገ ነውና። ሦስት ጊዜ ይዝለል፣ በመካከል ቢያንስ 30 ሰከንድ ይረፍ። ሦስተኛው ከሁሉም ከበለጠ አራተኛ ዕድል ይሰጠው፤ ገና እየተሟሟቀ ነው ማለት ነው።

ፑሽ አፕ ላይ ረጅም ነገር የለኝም። በደቂቃ 20 በሚመታ ድምፅ እየተመራ፣ ክርኑ 90 ዲግሪ እስኪታጠፍ ይውረድ፤ ወገቡ ሲሰምጥ ወይም ምቱን ሲስት አንድ ጊዜ ይነገረው፣ ሁለተኛው ላይ ይቁም። በግማሽ እየወረደ 35 ያለ ልጅና በትክክል 14 የሠራ ልጅ በአንድ ሰንጠረዥ አይወዳደሩም።

የ20 ሜትር ምልልስ ሩጫ፣ ብዙዎች የቢፕ ፈተና የሚሉት፣ ፍጥነቱ በተቀረጸ ድምፅ የሚመራ ነው፤ በ8.5 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይጀምርና በየደቂቃው አንድ ደረጃ፣ ማለትም 0.5 ኪሎ ሜትር፣ ይጨምራል። በ8 የሚጀምር ቅጂም ስላለ የትኛውን ድምፅ እንደተጠቀምን ይመዝገብ። ርቀቱን በእርምጃ መለካት እዚህ ላይ ትልቅ ጥፋት ነው። ፍጥነቱ 12 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደርስ ልጁ 20 ሜትሩን በ6 ሰከንድ መጨረስ አለበት። በእርምጃ የተለካው ሜዳ 19 ሜትር ሆኖ ከተገኘ ግን በእውነት እየሮጠ ያለው በ11.4 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአንድ ደረጃ በላይ ያልሠራውን አገኘ ማለት ነው። ቀጣዩ ፈተና በትክክለኛ 20 ሜትር ላይ ሲደረግ ልጁ ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስልና አሠልጣኙ ይቆጣዋል። መስመሩን ሳይረግጡ መመለስም እንዲሁ ውጤት ያበላሻልና በሁለቱም ጫፍ ተመልካች ይቁም። ልጁ ሲያቆም ወዲያው የልብ ምቱ ይቆጠር፤ 170 አካባቢ ላይ ያቆመ ልጅ ልቡና ሳንባው ገና አቅም ነበራቸው። ምናልባት እግሩ ዝሎ፣ ምናልባት መዞር ከብዶት፣ ምናልባትም ፈርቶ ይሆናል። የጽናት ልምምድ ከመጨመራችን በፊት ምክንያቱ ይጣራ።

ስለ ልብ ምት ካነሳሁ አይቀር፣ 220 ሲቀነስ ዕድሜ የሚለው ቀመር ለታዳጊ አይሆንም። ከፍተኛው የልብ ምት በልጅነትና በጉርምስና ዘመን በየዓመቱ አይቀንስም፤ በብዙዎች ከ195 እስከ 205 አካባቢ ይቆያል፣ ከልጅ ልጅም ይለያያል። በፈተናው መጨረሻ የተገኘው የራሱ ቁጥር ከማንኛውም ቀመር ይበልጣል። በጣት ሲቆጠር ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት የተለመደ ነው፤ አንድ ምት መሳት በውጤቱ ላይ አራት ምት እንደሆነ ይታወቅ። ዕረፍት ላይ ያለው ምት ግን ጠዋት ከአልጋ ሳይነሳ ሙሉ 60 ሰከንድ፣ ሦስት ቀን ተቆጥሮ አማካዩ ይያዝ።

ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ ለሌለው የ12 ደቂቃ ሩጫ አለ። የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም የነበሩት ኬኔት ኩፐር በ1968 ያሳተሙት ነው። ከርቀቱ ተነስቶ የኦክስጅን አጠቃቀምን የሚገምተው ቀመራቸው የተሠራው በአየር ኃይሉ ወንዶች ላይ ስለሆነ ለ13 ዓመት ልጃገረድ የሚሰጠውን ቁጥር ብዙ ባናምነው ይሻላል። ለልምምድ የሚጠቅመን ራሱ ርቀቱ ነው። 2,400 ሜትር የሮጠ ልጅ በደቂቃ 200 ሜትር ሄዷል፤ 1,920 የሮጠ 160 ሜትር። የመጀመሪያው ልጅ የ2 ደቂቃ ሩጫው 400 ሜትር ይሆናል፣ የሁለተኛው 320። ሁለቱም በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመካከል ቢያንስ 48 ሰዓት እያረፉ፣ አምስት ጊዜ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይሩጡ፤ በየመሃሉ ሁለት ደቂቃ በእርምጃ ይረፉ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ስድስት ጊዜ ይሁን። አምስተኛው ሳምንት ወደ አራት ይቀነስ፣ ሰውነት የሚገነባው በዚህ ጊዜም ነው። በስድስተኛውና በሰባተኛው ርቀቱ በ5 በመቶ ይጨምር፤ 420 እና 336 ሜትር። ስምንተኛው ቀለል ብሎ በፈተና ይዘጋል። ሁለቱም ልጆች አብረው ይጀምራሉ፣ ፊሽካው ሲነፋ አብረው ያቆማሉ፣ እያንዳንዱ ግን የራሱ ኮን ጋ ነው የሚደርሰው። ሁለቱንም በ400 ሜትር ብናስኬዳቸው ደካማው በሁለተኛው ዙር ያበቃለት ነበር። ከልምምድ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ከ0 እስከ 10 ምን ያህል ከበደህ ብሎ መጠየቅና መልሱን በልምምዱ ደቂቃ ማባዛት ልማድ ይሁን። 50 ደቂቃ በ6 ክብደት 300 ነው። ልምምዱ ሳይለወጥ ቁጥሩ በየሳምንቱ ከወጣ ልጁ አልተኛም፣ ታሟል ወይም ሌላ ቦታም እየተለማመደ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ላይ ልድረስ። የታዳጊን ውጤት ቁመቱን ሳያዩ ማንበብ አይቻልም። ልጃገረዶች አብዛኛውን ጊዜ በ12፣ ወንዶች በ14 ዓመት አካባቢ ይመዘዛሉ፤ በዚያ ወቅት በዓመት 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር መጨመር የተለመደ ነው። ግን ይህ አማካይ ነው። 14 ዓመት የሞላቸው ሁለት ልጆች በሰውነት ብስለት በዓመታት ሊራራቁ ይችላሉ። በልደት ዓመት ብቻ የተሠራ ሰንጠረዥ ቀድሞ የበሰለውን ተሰጥኦ ያለው፣ ገና ያልበሰለውን ሰነፍ አድርጎ ያሳያል። ዘግይተው የሚያድጉ ስንት ጎበዝ ልጆች በዚህ ሰንጠረዥ ተመዝነው ከሜዳ ቀርተዋል!

እግር ቀድሞ ይረዝማል፣ ግንዱ ይከተላል። ተቀምጦ ወደ እግር ጣት የመዘርጋት ፈተና በዚህ ጊዜ ይዋሻል፤ እግሩ ረዝሞ ግንዱ ገና ስላልተከተለ የልጁ እጅ ከወትሮው አጥሮ ይቀራል። ይህን ያላገናዘበ አሠልጣኝ በማሳሳብ ላይ ማሳሳብ ይጨምርበታል። በዚህ ዕድሜ ጅማት የሚያያዝበት አጥንት ገና ስላልጠነከረ ከጉልበት በታች ያለው እብጠት፣ ሐኪሞች ኦስጉድ ሽላተር የሚሉት፣ እና ሴቨር የሚባለው የተረከዝ ሕመም የሚበረቱት አሁን ነው። ቀድሞ የተስተካከለ የነበረው የልጁ ሩጫም ሊዝረከረክበት ይችላል። ስለዚህ ቁመት በየሦስት ወሩ፣ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት፣ ያለ ጫማ ይለካ። ሰው ከጠዋት እስከ ማታ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያጥር የጠዋቱን ከማታው ማወዳደር ያሳስታል። በሦስት ወር ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከጨመረ ዝላዩና የሩጫው ብዛት ይቀንስ፣ ሚዛንና አቋም ላይ የሚያተኩር ሥራ ይጨመር፤ የወረደ ውጤትም ቅጣት አያምጣበት። ክብደት ለብቻው፣ ከጓደኞቹ ዓይንና ጆሮ ርቆ ይመዘን። የስብ መጠን መለካት ደግሞ ለታዳጊ የልምምድ ፕሮግራም አያስፈልግም፤ ልጆችን ራሳቸውን ወደ ማስራብ ይገፋል።

ከመጀመሪያው ፈተና በፊት ወላጅና ልጅ የሚመልሷቸው ጥያቄዎች አሉ። ሲሮጥ ራሱን ስቶ ያውቃል? ደረቱን ያመዋል? አስም አለበት? ከቤተሰብ ከ50 ዓመት በታች በድንገት የሞተ አለ? ከነዚህ አንዱ አዎ ከሆነ ሐኪም ሳያየው እስከ አቅም ጥግ የሚያደርስ ፈተና አይሰጠው። ትኩሳት ያለበት ወይም ገና ከትኩሳት የተነሳ ልጅም በዚያ ቀን አይፈተን፤ ቫይረስ የልብ ጡንቻን ሊያስቆጣ ይችላል። በፈተናው መካከል ካዞረው፣ ደረቱን ከያዘ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ወዲያው ይቁም። በጤና የጨረሰ ልጅ ግን መሬት ላይ አይዘርጋ፤ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ በእርምጃ ይሂድ፣ ደም እግር ላይ እንዳይከማች።

ቅደም ተከተሉ፣ ቁመትና የልብ ምት፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ ዝላይ፣ አጭር ሩጫ፣ አቅጣጫ መቀየር፣ ፑሽ አፕ፣ በመጨረሻ ምልልሱ ነው። ጽናቱን ቀድሞ ያስሮጠ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያገኘው ዝላይ አይታመንም። ከ48 ሰዓት በፊት ጀምሮ ከባድ ልምምድ አይኑር። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ነፋሱ፣ የሜዳው ዓይነት፣ ጫማውና የፈታኙ ማንነት በአንድ ገጽ ላይ ይስፈሩ፤ የተሻለው ሙከራ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ሙከራዎች ይጻፉ።

የመጀመሪያው ፈተና ሁለት ጊዜ ይደረግ፣ በመካከል ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ። አንደኛው ልጁ ፈተናውን የሚማርበት ነው፤ ሁለቱ አብረው ደግሞ ልጁ ያለ ምንም ልምምድ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ያሳዩናል። መጀመሪያ 38፣ ቀጥሎ 41 ሴንቲ ሜትር የዘለለ ልጅ ከስምንት ሳምንት በኋላ 42 ቢዘል ተሻሽሏል ብሎ ለመናገር ገና ነው። 46 ከዘለለ በልበ ሙሉነት ይነገረው። መሻሻል ካልታየም ልጁን ከመውቀስ በፊት ልምምዶቹ በእርግጥ ተሠርተው እንደሆነ፣ መጠኑ አንሶ ወይም በዝቶ እንደሆነ፣ በዚያ ጊዜ ቁመቱ ተመዝዞ እንደሆነ መዝገቡን መግለጥ ይቀድማል።

ለጋዜጣችሁ አንድ ልመና አለኝ። የታዳጊዎች ምልመላ ውጤት ስታትሙ ሰዓቱ በእጅ ወይስ በኤሌክትሮኒክስ እንደተያዘ፣ ሜዳው ምን ዓይነት እንደነበር አብራችሁ አትሙ። የልጆቹን ክብደትና ከመጨረሻ የወጡትን ስም ግን እባካችሁ አታውጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የታዳጊዎች የአካል ብቃት አሠልጣኝ